ካታን ላይ ጀማሪ የት ይስፈር?

(ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ላይ ለጨዋታ ስንሰበሰብ ያወራሁት ነው። የቀረው ሰው ስለበዛ ስልክ ላይ የተቀዳውን እያዳመጥኩ ተየብኩት። እንዳወራሁት ነው የተውኩት፣ ከተንዛዛ ታገሱኝ።)

እሽ፣ እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ እዚህ ፊት ምንጣፉ ላይ ቁጭ በሉ፣ እንዲያውም ቦርዱ ደህና የሚታየው ከዚህ ነው። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሽ።

ዛሬ ስለ ካታን፣ ስለዚህ የቦርድ ጨዋታ፣ ሁሉንም ነገር አላወራም፣ ብሞክርም ይመሽብናል። የማወራው ዳይስ ከመወርወሩ በፊት ስላለችው 10 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ሰው ሁለቱን መንደሩን የት እንደሚያስቀምጥ ጭንቅላቱን ስለሚያክባት። ምክንያቱም እዚህ መጥቶ አንዴ ተጫውቶ በዛው የቀረ ልጅ ሁሉ፣ እኔ ያየሁት፣ ጉድ የሆነው እዛች 10 ደቂቃ ላይ ነው። ከዛ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ተኩል ሌላው ካርድ ሲለቅም፣ ሲገበያይ፣ ሲጨቃጨቅ እሱ ስልኩን ሲነካካ ነው የሚጨርሰው። ሰው ተሸንፎ አይቀርም እኮ፣ በተሸነፈማ ነገ እበቀላለሁ ብሎ ይመጣል። የሚያስቀረው እጁን አጣጥፎ መዋሉ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ቦታ ስትመርጡለት ስራ የማያስፈታውን ምረጡለት፣ ካርድ የሚያትረፈርፈው ቦታ ለሌላ ቀን ይደርሳል። ይችን ነው ዛሬ የማስረዳው፣ ሌላው ሁሉ የሷ ዝርዝር ነው።

ጨዋታውን ጭራሽ ለማታውቁት ቶሎ ልበል። ካታንን የሰራው ክላውስ ቶይበር የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ ሙያው የጥርስ ቴክኒሻን ነበር፣ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣ፣ በዛው ዓመት ጀርመን ውስጥ የዓመቱ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ፣ ሰውየው በ2023 አርፏል። ቦርዱ 19 ባለ ስድስት ጎን ቁራጭ ነው፣ እኛ ታይልስ ነው የምንላቸው፣ እንደ ቤት ወለል ገጥመህ የምትደረድራቸው። 4 እንጨት፣ 4 በግ፣ 4 ስንዴ፣ 3 ሸክላ፣ 3 ማዕድን፣ አንድ በረሃ። ሦስት ታይልስ የሚጋጠሙበት ጥግ ላይ መንደር ታስቀምጣለህ፣ የዙሪያህ ታይልስ ቁጥር በዳይስ ሲወጣ ካርድ ትወስዳለህ፣ በካርዱ መንገድ፣ መንደር፣ ከተማ ትሰራለህ፣ 10 ነጥብ ቀድሞ የሞላ በላ። በቃ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሳጥን ያክስቴ ልጅ ከጀርመን ያመጣችው ነው። እነዛ ሦስቱ ግን እኛው ከካርቶን የቆረጥናቸው ናቸው። መንገዱ የክብሪት እንጨት ነው፣ መንደሩ በጥፍር ቀለም የተቀባ ባቄላ፣ ከተማው ቆርኪ። ባለፈው ክረምት አይጥ ሦስት ቀይ መንደር በልታብናለች፣ ሽፍታውን ግን አልነካችውም፣ ጥቁር ቆርኪ ስለሆነ። ሽፍታ የምንለው 7 ሲወጣ የሚነሳውን ነው፣ መመሪያው ላይ ዘራፊ ነው የሚሆነው መሰለኝ ትርጉሙ ግን ጎጃም ላይ ቁጭ ብለህ ዘራፊ ስትል አያምርም።

ጥግ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በሀገራችን ላስረዳ። አሁን ደጀንን አስቡ። ከላይ ሜዳው ጤፍ ነው፣ ከታች የዓባይ በረሃ ነው፣ ዋናው መንገድ በመሀሏ ያልፋል። የደጋው ሰው የቆላውን ይፈልጋል የቆላው የደጋውን ይፈልጋል፣ ገበያ የሚቆመው ሁለቱ በሚነካኩበት ነው። ካታንም እንደዛ ነው፣ የምትሰፍረው ስንዴው መሀል ገብተህ ሳይሆን ስንዴው፣ በጉና እንጨቱ የሚነካኩበት ነጥብ ላይ ነው። እኛ ልጆቹን ስናስተምር ማዕድኑን ጮቄ እንለዋለን፣ ተራራ ስለሆነ። እንጨቱን እንጅባራ እንለዋለን፣ አዊ ላይ ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎበት ከሰል እያከሰለ ስለሚሸጥ። በረሃው ዓባይ ነው። በረሃው ቁጥር የለውም፣ ምንም አይሰጥም፣ ሽፍታው ጨዋታው ሲጀመር የሚቀመጠው እዛ ነው። ይሄን ብቻ ነግረህ ቦርዱ ፊት ብታስቀምጠው ልጁ ግማሹን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እያንዳንዷ ታይልስ ላይ ክብ ወረቀት አለች፣ ቁጥር የተጻፈባት፣ ከቁጥሯ ስር ነጠብጣብ አላት። ነጠብጣቧን ነው የምታዩት፣ ቁጥሯን እርሷት። ሁለት ዳይስ ስትወረውር 36 አይነት አወጣጥ አለ፣ ነጠብጣቧ ከ36ቱ ስንቱ ለዛች ቁጥር እንደሚደርሳት ነው የምትነግርህ። 2 እና 12 አንድ አንድ አላቸው። 3 እና 11 ሁለት ሁለት፣ 4 እና 10 ሦስት ሦስት፣ 5 እና 9 አራት አራት፣ 6 እና 8 አምስት አምስት ናቸው፣ በቀይ የተጻፉትም ለዛ ነው። 7 ስድስት ነበረው ግን 7 ታይልስ ላይ የለም፣ 7 የሽፍታው ነው። አንድ ልጅ ባለፈው ምን ሆነ፣ 12 ላይ ሰፈረ። ለምን አልኩት። ትልቅ ቁጥር ነዋ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማንም አልነገረውም። 12 ሳይወጣ ጨዋታው አልቆ እቃ ስንሰበስብ ዳይሱ ከእጁ አምልጦ ወለል ላይ ወደቀ፣ 12! ሙት!

ነጠብጣብ መቁጠር ካወቅህ በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፣ እሱን የማውቀው በራሴ ነው።

መጀመሪያ የተጫወትኩት ባሕር ዳር ያክስቴ ልጅ ቤት ነው፣ እሷ፣ ሁለት የስራ ጓደኞቿና እኔ። ነጠብጣቡን አስረዱኝ፣ ገባኝ፣ ኧረ እንዲያውም ከልክ በላይ ገባኝ። ቀና ብየ ቦርዱን አየሁና ትልቁን ድምር ፈለግሁ። ስንዴ 9፣ ማዕድን 6፣ በግ 5። አራት፣ አምስት፣ አራት፣ 13 ነጠብጣብ። ከዛ በላይ ቦርዱ ላይ የለም፣ 6 እና 8 ጎን ለጎን እንዳይቀመጡ ስለሚደረግ 13 ጣሪያው ነው ማለት ይቻላል። አስቀመጥኩ። ሁለተኛውን ማዕድን 8፣ ስንዴ 4፣ በግ 10 ላይ አስቀመጥኩ፣ 11። ድምር 24። ሰዎቹ ተያዩ። ውይ ይሄ ልጅ ይችላል አለ አንደኛው። ደስ አለኝ።

ጨዋታው ተጀመረ፣ ካርድ እንደ ጉድ ይጎርፍልኛል። ማዕድን፣ ስንዴ፣ በግ፣ በግ፣ ማዕድን። እኔ ግን መንገድ መስራት ነው የምፈልገው፣ ምክንያቱም ጨዋታው አገር ማቅናት መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ መንገድ ሲዘረጋ እያየሁ ነው። መንገድ እንጨትና ሸክላ ይፈልጋል። እንጨት የለኝም፣ ሸክላ የለኝም፣ ሁለቱ መንደሮቼ አንዱንም አይነኩም። እንጨት ያለው? እላለሁ። ሁለት በግ ስጠኝ ይለኛል። እሰጣለሁ። ሸክላ ያለው? የለም። ባንኩ አራት አንድ አይነት ካርድ ወስዶ አንድ ይሰጣል፣ አራት በግ ሰጥቼ አንድ ሸክላ ወሰድኩ፣ አራት በግ! ለአንድ ጡብ! እንደዛ እያልኩ እጄ ላይ 9 ካርድ ይዤ ተራየን ስጠብቅ 7 ወጣ። ከ7 ካርድ በላይ የያዘ ግማሹን ይመልሳል፣ 4 ካርድ መለስኩ። እንደገና ሰበሰብኩ፣ እንደገና 7። ጨዋታው ሲያልቅ 3 ነጥብ ነበረኝ፣ ሁለቱ ስጀምር የነበሩኝ ናቸው።

ያክስቴ ልጅ ቡና እያፈላች ምን አለችኝ፣ “አንተ እኮ ከሁላችን የተሻለ ቦታ ነበረህ።” በግኑ! የገባኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እውነቷን ነበር። ማዕድን፣ ስንዴና በግ ማለት የልማት ካርድ ዋጋ ነው፣ አንድ አንድ፣ የልማት ካርድ ለብቻው የሚገዛ ሌላ አይነት ካርድ ነው። ሁለተኛ ያስቀመጥኩት መንደር መነሻ ካርድ ሲሰጠኝ እጄ ላይ የገባው ልክ እነዛ ሦስቱ ናቸው፣ የመጀመሪያ ተራየ ላይ ካርድ መግዛት እችል ነበር። ከልማት ካርዶቹ 25ቱ ውስጥ 14ቱ ወታደር ናቸው፣ ሦስት ወታደር ቀድሞ ያወጣ የትልቁን ጦር 2 ነጥብ ይወስዳል። ደግሞ 3 ማዕድንና 2 ስንዴ መንደርን ከተማ ያደርጋል፣ ከተማ እጥፍ ካርድ ያመጣል። የሚችል ሰው በዛ ቦታ መንገድ ብዙም ሳይዘረጋ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያሸንፋል። እኔ ግን አላውቅም። ማጭድ እንጅ ትራክተር ነድቼ ለማላውቅ ሰው ትራክተር ተሰጠኝ፣ ማሳው መሀል አቁሜው ከስሩ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ሰው ጀማሪን ሲረዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አስተማሪው ለራሱ የሚመርጠውን ቦታ ይጠቁመዋል። “እዛ አስቀምጥ፣ ምርጥ ቦታ ነው” ይለዋል። ምርጥነቱ ለአስተማሪው ነው።

ታዲያ የትኛው ነው? ይሄን ቦርድ እዩ፣ ሆን ብየ ደርድሬ ነው ያመጣሁት። አንዱን መንደር እዚህ፣ በግ 5፣ ስንዴ 8፣ ማዕድን 3 ላይ። ሌላውን እዚህ፣ እንጨት 4፣ ሸክላ 9፣ ስንዴ 10 ላይ። የመጀመሪያው 11 ነጠብጣብ ነው፣ ሁለተኛው 10፣ ድምር 21። ከኔ 24 ያንሳል። ግን አምስቱም አይነት ካርድ አለው። አንዱም ካርድ ብርቅ አይሆንበትም፣ የሚለምነው የለም፣ ሲገበያይ ቸግሮት ሳይሆን አስልቶ ነው። ሁለተኛ ደግሞ፣ ቁጥሮቹን እዩአቸው፣ 3፣ 4፣ 5፣ 8፣ 9፣ 10። ስድስቱም የተለያዩ ናቸው።

ይሄ ቁጥር መለያየቱን ነገር ሰው ንቆት ያልፋል እኔ ግን ለጀማሪ ከነጠብጣቡ ድምር አስበልጠዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ላስላላችሁ፣ ሂሳብ የሚጠላ ጆሮውን ይያዝ። ሌላ ልጅ 6፣ 5፣ 9 እና 6፣ 5፣ 10 ላይ ሰፈረ እንበል። ነጠብጣቡ 13 እና 12፣ ድምር 25፣ ካርዱ በአማካይ ከኛው ልጅ ይበዛል፣ አልክድም። ግን የተለያዩት ቁጥሮቹ አራት ናቸው፣ 5፣ 6፣ 9፣ 10፣ የነሱ ነጠብጣብ አራት፣ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ 16። ማለትም ዳይስ 36 ጊዜ ቢወረወር 16ቱ ላይ ብቻ ነው እጁ የሚንቀሳቀስ፣ የኛው ልጅ 21ዱ ላይ። አራት ሰው ሲጫወት በአንድ ዙር አራት ጊዜ ይወረወራል አይደል? ዙሩ በሙሉ አልፎ አንድም ካርድ ሳያገኝ የሚቀርበት፣ የባለ 16ቱ ከ100 ዙር ወደ 10 ገደማ ነው፣ የባለ 21ዱ 3 ገደማ። 5 ወይም 6 ሲወጣ ደግሞ ሁለት ሁለት ነው የሚመጣለት፣ እጁ ያብጣል፣ አንድ ዙር እስኪዞር 7 የመውጣቱ ዕድል ደግሞ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል፣ ስለዚ ወይ ይራባል ወይ ይዘረፋል። የለመደ ሰው ይሄን ያስተዳድረዋል። ጀማሪ ግን 6 እስኪወጣ ዳይሱን እያየ የሚጸልይ ነው የሚመስል።

ገበሬው እኮ ይሄን ያለ ሂሳብ ያውቀዋል። አባቴ ሁለት ጥማድ መሬቱ አንድ ቦታ ቢሆንልኝ ብሎ አያውቅም፣ አንዷ ወንዝ ዳር አንዷ ዳገቱ ላይ ነው፣ በረዶ አንዱን ሲመታው አንዱን ይስተዋል።

እሽ፣ የቱን መጀመሪያ የቱን ሁለተኛ ያስቀምጥ። ይሄ ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ጀማሪው የመጀመሪያ ተራው ላይ አንድ ነገር ሰራ ወይስ አሳለፈ የሚለውን ትወስናለች። መነሻ ካርድ የሚሰጠው ሁለተኛ የተቀመጠው መንደር ነው፣ በዙሪያው ካሉት ታይልስ አንድ አንድ። ስለዚህ እንጨትና ሸክላ የሚነካውን ሁለተኛ ያድርገው። በኛ ምሳሌ እንጨት፣ ሸክላ፣ ስንዴ ይዞ ይነሳል። ተራው ሲደርስ ወዲያው አንድ መንገድ፣ ክብሪቷን አስቀመጠ። ስትነሳ ከተሰጠችው መንገድ ጋር ሁለት ሆነች፣ መንደር ከመንደር ሁለት መንገድ መራቅ ስላለበት አሁን ሦስተኛ መንደር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደርሷል። ለመንደሩ እንጨት፣ ሸክላ፣ በግና ስንዴ አንድ አንድ ይፈልጋል፣ ስንዴዋ ካልተበላች እጁ ላይ አለች። ሦስት ካርድ ነው የቀረው። ይሄን ልጅ ስልኩን እንኳ ብትደውልለት አያነሳም፣ ሸክላ እየጠበቀ ነው።

አቀማመጥ ላይ ደግሞ አንድ ነገር፣ እዚህ የምንጨቃጨቅበት ስለሆነ። ብዙዎቻችሁ እንግዳ ነው ብላችሁ ጀማሪውን አንደኛ ታደርጉታላችሁ፣ ጨዋነት ነው፣ የጎጃም ሰው እንግዳ ሲመጣ ከላይ ያስቀምጣል። ግን እየጎዳችሁት ነው። አራት ሰው ሲሆን አቀማመጡ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይሄድና ተመልሶ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ነው። አንደኛው ምርጡን ቦታ ይወስዳል፣ ከዛ ስድስት መንደር ሲቀመጥ ቁጭ ብሎ ያይና የመጨረሻውን ትራፊ ይለቅማል። ጀማሪ ደግሞ የመጀመሪያውን ሲያስቀምጥ ሁለተኛው ምን እንደሚተርፈው አስቦ አያውቅም፣ እንዴት ያስብ። አራተኛው ግን ሁለቱንም በተከታታይ ያስቀምጣል፣ ሦስት ሰው የት እንደሰፈረ አይቷል፣ “እዚህ ማዕድንና በግ ካገኘሁ እዛ ሸክላና እንጨት” ብሎ እንደ ጥንድ በሬ አጣምሮ ይመርጣል። ጨዋታውን የሚጀምረው መጨረሻ ላይ መሆኑ ትንሽ ይጎዳዋል፣ ይጎዳው። በኔ ቤት ጀማሪ አራተኛ ነው፣ አለቀ። ቅር ካላችሁ ቡናውን አስቀድሙለት።

ሳጥኑ ውስጥ ለጀማሪ ተብሎ የተሳለ ካርታ አለ፣ ታይልሱም ቁጥሩም መንደሩም የት እንደሚቀመጥ የተወሰነ። ለመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነው፣ ማንም ብዙ አይጎዳም። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን ጣሉት፣ መምረጥን ሳይመርጡ አይለምዱትም።

ስለ ምርጫ ካነሳሁ፣ ባገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ውስጥ የምወዳት ነገር አለች። የጥንቱ ሰንጠረዥ ላይ ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ባንዴ፣ አንዱ አንዱን እያየ፣ ፈርዙን፣ ፊሉን፣ መደቁን ወዲያ ወዲህ እያለ ሰልፉን ያሰናዳል፣ አንዱ የአንዱን ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ወረራ ነው የሚሉት። ከተበላላ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። ማለት አነሳሱ ራሱ ጨዋታ ነው፣ ከጨዋታው በፊት የሚደረግ ዝግጅት ተብሎ አይታለፍም። ካታንን ያክስቴ ልጅ ያስተማረችኝ ጊዜ ይሄን ባውቅ ኖሮ እዛች 10 ደቂቃ ላይ እንደዛ አልጣደፍም ነበር።

ደግሞ ዋሸራና ዲማን የመሰለ የቅኔ ቤት ያለበት አገር ሰው ይሄ ሊጠፋው አይገባም። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ቁጠር አይባልም፣ በጉባኤ ቃና፣ በሁለት ቤት ነው የሚጀምር። መወድስ ስለማያምር ነው? መወድስማ ያምራል።

የቀረውን በፍጥነት። ወደብ፣ ካርድ ከባንኩ በርካሽ የምትቀይርበት የቦርዱ ዳር ማለት ነው፣ ጀማሪ ሁሉ ወደብ ይወዳል፣ መርከብ ስለተሳለበት ነው መሰለኝ። ዳር ላይ ያለ ጥግ ሁለት ታይልስ አንዳንዴም አንድ ብቻ ነው የሚነካው፣ አንድ እግር ቀንሰህ ነው የምትጀምረው፣ ስለዚህ መነሻህን ወደብ ላይ አታድርግ፣ መንገድህን ግን ወደሱ አዙረው፣ ሦስተኛው መንደር እዛ ይድረስ። መሀሉ ላይ መንገድ ማዞር ቆንጆ ይመስላል ግን ሁሉም ወደዛ ነው የሚመጣ፣ ክብሪትህ አፍንጫ ላይ ሰው መንደር አስቀምጦ ይዘጋሃል። በረሃ ዳር መስፈር የግድ ካልሆነ ተወው። ድምሩ ከ9 ነጠብጣብ በታች የሆነ መንደር እኔ ለጀማሪ አልፈቅድም፣ አምስቱንም አይነት ለማግኘት ብሎ 2 እና 12 ላይ ሄዶ የሚሰፍርም አይቻለሁና፣ አምስት አይነት ስላልኩ 12 ላይ ያለ ሸክላ ሸክላ ነው ማለት አይደለም። አምስቱ ካልተገኙ አራቱ ይበቃሉ፣ የሚቀረው ግን ማዕድን ይሁን፣ መጀመሪያ ላይ ማዕድን ሳይኖር ብዙ መንገድ ይኬዳል፣ ያለ እንጨትና ሸክላ ግን እንደኔ ነው።

እሽ፣ ጥያቄ። አንች፣ አዎ፣ ነጠላ የለበስሽው።

እህ... “6 እና 8 ላይ ከሰፈርኩ ሽፍታው ሁልጊዜ እኔ ላይ ነው የሚመጣብኝ” ነው የምትለው፣ ከኋላ ላልሰማችሁ። እውነት ነው፣ ይመጣል። 7 ያወጣ ሰው ሽፍታውን ደህና የሚያፈራ ታይልስ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ታይልሱ ይዘጋል ከዛም ላይ ካለ ሰው አንድ ካርድ ይመዝዛል። ለዛም ነው የኛው ምሳሌ ልጅ ላይ አንዲት 8 ብቻ ያለችው። 5 እና 9 ላይ ያለ ሰው አራት አራት ነጠብጣብ አለው፣ ከቀዩ የሚያንሰው በአንድ ነው፣ ግን ቀይ ስላልሆነ አይን አይስብም። እኔ እንዲያውም ልጆች ሲጫወቱ አይቼ የታዘብኩት፣ ሽፍታ የሚያመጡት ቁጥሩን አስልተው ሳይሆን ቀይ ቀለም አይተው ነው። ደሞ ሌላ ሰው እዛው ታይልስ ላይ ካለ ጥሩ ነው፣ ጥላቻው ለሁለት ይከፈላል። ገባሽ?

አባባ እርስዎ? ... ይናገሩ፣ ዝም በሉ እስኪ ልጆች።

“እኛ ገበጣ ስንጫወት ጠጠሩ እኩል ነው፣ ጉድጓዱ እኩል ነው፣ ቦታ ምረጥ የለም፣ የተሸነፈ በራሱ ነው የተሸነፈ” ነው ያሉት። (ሳቅ) እውነትዎን ነው አባባ። ገበጣ ላይ ማመካኛ የለም። እዚህ ግን ዳይስ አለ፣ ዳይስ ባለበት ሁልጊዜ ማመካኛ አለ፣ ልጆቹም የሚወዱት ለዛ ሳይሆን አይቀርም። ግን እስኪ አንድ ጊዜ ይጫወቱና ይፍረዱን፣ ያውም እርስዎ መሬት ማየት ያውቁበታል። ... አይ የለም፣ በባቄላው ይጫወታሉ፣ አይበላም፣ ቀለም አለው።

በሉ አሁን አራት አራት ሁናችሁ ክፈሉ። አንዱ ካርቶን ላይ አባባና አንች ተቀመጡ፣ ሁለት የሚችሉ ልጆች ይጨመሩ። አባባ አራተኛ ናቸው፣ አዎ አራተኛ፣ ጥየቃ የለም፣ አሁን አይደል ስለፈልፍ የቆየሁት። ታይልሱን የምትደረድረው አንተ ነህ? በረሃውን መሀል አታድርገው፣ ባለፈውም መሀል ነበር። ዳይሱስ? ዳይሱ የት ሄደ?